ስም አልጠራሁም

ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን ወንጌል ልትሰብክ ሩቅ አገር ሄዳለች ብዬ በትምህርት ቤት ያወራሁት እኔ ነኝ። ውሸታም ልጅ አልነበርኩም፤ አባቴ ያለኝን ነው ያልኩት፣ አባቴ ደግሞ ወንጌላዊ ነበር። በመርከብ መሄዷንና ካስኳን ይዛ መሳፈሯን ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ካስክ ማለት እንደ ባልዲ ራስ ላይ የሚደፋው የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ያለሱ እንዴት አድርጋ እንደምትሰብክ ሊገባኝ አልቻለም ነበር። አንዷ ጓደኛዬ መቼ ነው የምትመለሰው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሰው ሁሉ አምኖ ሲያልቅ አልኳት። እሷም እሱማ ይቆያል አለችኝ።

የተከራየንበት ግቢ መግቢያ ላይ አንዲት ክፍል ነበረች፤ የፊቷ በር ወደ መንገድ፣ የኋላዋ ወደ ግቢው ይከፈታል። ፀጉር ሠሪዋ ከፊት ትሠራለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከባሏ ጋር ትኖራለች። እትዬ ነበር የምላት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ጡሩምባውን ያንባርቀዋል፤ እሷም ደንበኛዋን ግማሽ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ትታት፣ ማበጠሪያ ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ትወጣለች። ደንበኞቿ ይስቁባታል እንጂ አይቆጧትም ነበር።

ያ ክፍል የእርጥብ ፎጣ፣ የፀጉር ቅባትና የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነበረው። ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ በቀለም በቀለም የተለየ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ቅርጫት፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበር ነበር። ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እትዬ ማጅራቱን እፍ ትልና፣ «አንገትሽን ለኔ ተይው» ትላለች። ይቺን ስትላቸው ሴቶቹ ትከሻቸው ይወርዳል፤ ትከሻቸው ሲወርድ ደግሞ አፋቸው ይፈታል። ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ በሽታ፣ የማይወራ ነገር አልነበረም። እሷ ግን የአንዷን ለሌላዋ አታደርስም። እዚህ ቤት የተወራ ከፀጉሩ ጋር ተጠርጎ ይወጣል ትል ነበር፤ ወዲያው መጥረጊያዋን አንስታ ትጠርጋለች።

እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው እውላለሁ። አንድ ጊዜ የጋለ መተኮሻ ሳልጠነቀቅ ተጠግቼ ከጆሮዬ ኋላ ተቃጥያለሁ። ከእናቴ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ነበረች፤ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ እስኪሽር ድረስ በየቀኑ ጎንበስ ብላ ታየው ነበር።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን «ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ነፍስ» የሚል ዘመቻ አወጀች። ሐሳቡ የአባቴ ነው። ወንጌል በአራት ግድግዳ አይታጠርም፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ምግብ አያጣፍጥም ብሎ ሰበከ። ዛሬም ቢሆን ይህ አባባሉ ልክ አይደለም አልልም፤ ጌታ ሂዱ ብሏል፣ እዚያው ተቀመጡ አላለም። ልክ ያልነበረው አደራረጉ ነው። እሑድ እሑድ ነፍስ ያገኘ ቤት ያገኘውን ሰው ይዞ ከጉባኤው ፊት ይቆማል፣ ይጨበጨብለታል። ነጋዴው የሱቁን ሠራተኛ አመጣ። የሒሳብ ሹሙ የግቢውን ዘበኛ አመጣ፤ ዘበኛው ምን ምርጫ አለው! ወራት ሄደው ወራት ሲመጡ የእኛ ቤት ብቻ ባዶ እጁን ቀረ።

እናቴ ዓይን አፋር ሴት ነበረች። ሰው ሰላም ሲላት እንኳ መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትመልሰው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የአንዱ ሚስት በር ላይ ይዛት፣ የወንጌላዊው ቤት ነፍስ አልባ ሆነ እንዴ ብላ ሳቀች። እናቴም አብራ ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን አባቴ አልሳቀም። በር የተጋራናት ጎረቤታችን ሳትድን ሌላ አገር ልድረስ ብል ጌታ ይታዘበኛል፣ እሷን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ አላት። አባቴ ሲናገር ሰውም እንደ ሥራ ይከፋፈላል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሷን በቦርሳዋ ይዛ እትዬ ጋ መሄድ ጀመረች። ልትሰብክ ነው የምትሄደው ብዬ አምኜ ነበር። ቦርሳው ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እንደሚውል አያለሁ፤ ቢሆንም አባቴ በቃሉ እንደሚሰብክ እሷም በቃሏ ይዛው ይሆናል እል ነበር። እናቴ ሻሿን ታወልቃለች፣ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ እትዬም አንገትሽን ለኔ ተይው ትላታለች። ከዚያ እናቴ ታወራለች። ቤት ውስጥ በሳምንት የማታወራውን እዚያ በአንድ ጊዜ ታወራለች፣ እንባዋም ይወርዳል። በጉባኤ ሰው መንፈስ ሲነካው እንደሚያለቅስ ስለማውቅ፣ ስብከቱ ሰመረ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

የምታወራው ስለ አባቴ እንደነበረ የገባኝ እኔም ትዳር ይዤ፣ እኔም ፀጉር ሠሪ ፊት አፌን መፍታት ስጀምር ነው። ሰባኪዋ እናቴ አልነበረችም። የደከማትን ሴት ራስ በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረችው፣ ልትድን ይገባታል የተባለችው ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ መብራትም ጠፋ፣ ደንበኛም የለም። እኔ በማይሠራው ካስክ ሥር ራሴን ከትቼ እግሬን አወዛውዛለሁ። እትዬ ወንበሯ ላይ ራሷ ተቀመጠች፤ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን ትፈታላት ጀመር፤ እጇ ግን አላወቀበትም፣ ይጎትታታል። ያኔ እትዬ ሆዷን ገለጠችላት። ልጅ ሳለች ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በራሷ ሹራብ ጠቅልላ የልጆች ማሳደጊያ በር ላይ አስተኝታው ሄዳለች። ሾፌሩ አያውቅም። ልጅ እምቢ ያለን በኔ ምክንያት ነው እያለ በየደረሰበት ከተማ ሐኪም ቤት ይገባል፣ መድኃኒት ይውጣል። እሷም ውሃውን ታቀብለዋለች።

ከዚያ ዞር ብላ እናቴን ቀና ብላ አየቻት።

«ይሄ የናንተ ጌታ» አለች፣ «እኔን የመሰለችውንም ይቀበላል?»

እናቴ ጥቅስ አለመጥቀሷ አናደደኝ። እኔ እንኳ የማውቀው ስንት ጥቅስ አለ! እናቴ ግን ሳህኑ ውስጥ የተዘፈዘፉትን ማበጠሪያዎች አንስታ ማጠብ ጀመረች። እትዬም ተነስታ አጠገቧ ቆመች፣ አንድ በአንድ አብረው አጠቧቸው። «እኔን ከተቀበለ አንቺን የሚተውበት ምክንያት የለውም» አለች እናቴ፣ እጆቿን እያደረቀች። በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይቺን የሚያህል አልሰማሁም፤ ያኔ ግን አጭር ሆናብኝ ነበር። እትዬ እሑድ ለአደባባዩ ስብከት እመጣለሁ አለች፣ ርቄ ቆሜ እሰማለሁ፣ እስቲ ልየው አለች። እኔ ስለ ልጁ ብቻ ነበር የማስበው። ግቢያችን ውስጥ ልጅ የለም፤ እትዬ ግን ሳትነግረኝ የኖረች አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ ትልቅም ሆኗል። የትኛው ጥግ ላይ እንደምንጫወት መምረጥ ጀመርኩ።

ቤታችን ውስጥ ጠዋት ጠዋት በጋራ ይጸለያል። ከጸሎቱ በፊት አባቴ እየዞረ የጸሎት ርዕስ ይጠይቃል። እኔ የሒሳብ ፈተናዬን አልኩ። እናቴ ጎረቤታችንን አስባት አለችው። ስለ ምን ሲላት፣ እንዲያው በደፈናው አስባት አለች። በደፈናው የሚጸለይ ጸሎት በደፈናው ይቀራል፣ ሳናውቅ ምን ብለን እንለምናለን አላት። እናቴ የሻሿን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። እሱ ለነፍሷ ስትይ አላት። በጌታ ፊት ምን ድብቅ ነገር አለ አላት። እናቴ እኔን አየችኝና ወደ ጆሮው ተጠግታ ነገረችው። «እዚሁ ይቅር፣ አደራ» ስትለው ግን ድምፅዋ ወጥቷል።

አባቴ አለቀሰ። ይህን አልክድበትም፤ ተንበርክኮ ለእትዬና ለልጇ የምሩን አለቀሰ። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት የአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሞንታርቦ ተተከለ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ተሳፋሪው፣ ተሸካሚው፣ ሻጩ ከበበን። የእትዬ ደንበኞችም ግማሾቹ እዚያ ነበሩ። እሷ እንዳለችው ርቃ፣ የትኬት መሸጫው ግድግዳ ጋ ነጠላ ተከናንባ ቆማለች። አጠገቧ ሾፌሩ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ከመንገድ ገብቶ፣ ብቻዋን እንዳትቆም አብሯት መጥቷል። በእጁ በሶፍት የተጠቀለለ ብስኩት ይዞ እየቆረሰ ያጎርሳት ነበር። እናቴ ከሩቅ ስታያት ፊቷ በራ። የእኛም ቤት ነፍስ መጣች ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

አባቴም አይቷታል። ማይኩን ያዘና፣ ያዘጋጀውን ስብከት ተወው። እንዲህ አለ፦ «በመካከላችን አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም። የሰውን ራስ እያሳመረች የምትኖር ናት፤ ባሏም ጎማ ላይ የሚውል ሰው ነው። ይህች እህት በልጅነቷ የወለደችውን በሰው ደጅ ጥላ ሄዳለች። ባሏ አያውቅም። ጌታ ግን ያውቃል! የጣለችውን እሱ አንስቷል፣ እሷንም ዛሬ ሊያነሳት ይጠራታል። ነይ፣ እህቴ።»

ጭብጨባው ሌላ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ትኬት መሸጫው ዞሩ፤ አንዷ ዞራ ሌላዋን በክርኗ ስትጎስም አየሁ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። መንፈስ ወረደባት ብዬ እኔም አጨበጨብኩ። ሾፌሩ ሚስቱን ትንሽ አያት። ከዚያ ብስኩቱን ከጎኗ መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወደ መኪናው ሄደ። የሞተሩን ድምፅ ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ ልጁን ሊያመጣው ሄደ ብዬ ነው።

እናቴን ቀና ብዬ ሳያት እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። እሷም በደስታ ብዛት መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ በሩ ላይ ቆሜ ጡሩምባ ስጠብቅ ዋልኩ። እትዬ ቤት ሰው ይበዛ ነበር፣ ፀጉሩን የሚሠራ ግን ብዙም አልነበረም። በፊት የማያውቋት ሴቶች ሳይቀሩ በሩ ላይ እየቆሙ አይዞሽ ይሏታል፣ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ መጋረጃውን አልፈው ያያሉ። እናቴ በኋላው በር ሄዳ አንኳኳች። አልተከፈተላትም። በነጋታውም ሄደች። እኔም አብሬያት ሄጄ በሩ ሥር ባለው ቀዳዳ የእትዬን እግር አይቻለሁ፤ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። እናቴ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየችና ተመለሰች። የሚጸልዩ ነበር የመሰለኝ፣ አንዷ ከውስጥ አንዷ ከውጭ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበሩ የለም፣ ቅርጫቱ የለም፣ መስታወቱ የነበረበት ግድግዳ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል። እትዬ የት ሄደች ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ጌታ ለሥራው ወሰዳት» አለኝ። ካስኳንም ስላጣሁት መርከቡን ከዚያ ፈጠርኩ።

የዘመቻው መዝጊያ ዕለት ቤቶች ሁሉ በየተራ ነፍሳቸውን ይዘው ቆሙ። ተራችን ሲደርስ አባቴ እናቴንና እኔን ይዞ ወጣና፣ የእኛ ነፍስ ሩቅ የአገልግሎት መስክ ላይ ናት አለ። ጉባኤው ተነስቶ አጨበጨበ። ያቺ የሽማግሌው ሚስት እናቴን አቅፋ ሳመቻት። እናቴ እንደ ግንድ ቆማ ተሳመች። በማግስቱ ጠዋት አባቴ የጸሎት ርዕስ ሲጠይቃት፣ የኔን ጌታ ያውቀዋል አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ፣ በታመመች ጊዜ እንኳ፣ ከዚህች ሌላ መልስ አልሰጠችውም። ፀጉሯንም ማንም አልሠራላትም፤ ራሷ ጎንጉና በሻሽ ትሸፍነዋለች። አባቴ በመንፈስ ጠለቀች ይል ነበር፤ እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያ አምኛለሁ።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ አባት ነው። የምስረታ በዓል ሲከበር መድረክ ላይ ደግፈው ያወጡትና የፀጉር ሠሪዋን ምስክርነት ንገረን ይሉታል። ይናገራል። በእሱ አነጋገር ሾፌሩም ይቅር ብሏል፣ ልጁም ተገኝቷል። ይህን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው እግዚአብሔር ጀምሮ አይተውም አለኝ። አንድ ጊዜ ግን አንጀቴ አርሮ፣ ያቺን ሴት አደባባይ አውጥተህ አሰጣሃት አልኩት። «ስም አልጠራሁም» አለኝ። ስም አልጠራህም፣ ሥራዋን ጠራህ፣ ባሏን ጠራህ፣ ልጇን ጠራህ አልኩት። በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደዳነ ታውቂያለሽ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ግን ያንን አፋፍ እንደ መድረክ ቆሞበት ኖረ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የሰው ደም መርምሬ ውጤቱን አሽጌ እሰጣለሁ፣ ለሌላ ሰው አንድ ቃል አልተነፍስም። ባልደረቦቼ አፏ በቁልፍ ነው ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ለስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላክሁና፣ የመዝጊያው ዕለት ፀጉሬን ልሠራ ካረፍኩበት አጠገብ ወዳለ አንድ ቤት ገባሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ሬዲዮ ይጮሃል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ስለ ባሏ ማውራት ስትጀምር፣ አሮጊቷ ፀጉር ሠሪ ሳትመልስላት ካስኩን ራሷ ላይ ዝቅ አድርጋ አበራችው። ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። ማጅራቴን እፍ አለችኝ።

«አንገትሽን ለኔ ተይው» አለች።

ትከሻዬ ወረደ። እሷም ፀጉሬን ወደ ጎን ስትገልጠው እጇ ከጆሮዬ ኋላ፣ ጠባሳው ላይ ቆመ። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ማበጠር ጀመረች፤ ሬዲዮውን ግን ዘጋችው።

«እናትሽስ?» አለችኝ።

«አርፋለች፣ እትዬ።»

ማበጠሪያዋ ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ነፍሷን ይማር አላለችም፣ ከንፈርም አልመጠጠችም። በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ» አለች። «እሷ ናት የነገረችው?»

አይደለችም ማለት እችል ነበር። መጋረጃው ስስ ነበር፣ አንዷ ደንበኛሽ ሰምታ ይሆናል ብል ማን ይጠይቀኝ ነበር? ስንቱን አሽጌ የኖርኩ ሴት ይቺን አንዲት ማሸግ አቃተኝ። ይባስ ብሎ እናቴን ልከላከልላት ፈለግሁ። «ለጸሎት ብላ ነው፣ እትዬ» አልኳት። «እንዲጸለይልሽ ብላ ነው።» ከአፌ ሲወጣ የአባቴ ድምፅ ነበር።

እትዬ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። «እሷ አይደለችም እያልኩ ነበር እኮ የኖርኩት» አለች። «በሩን ያልከፈትኩላት ፊቷን እንዳላይ ነበር፤ ካየሁት አውቃለሁ ብዬ። ሰው ይሄን ሁሉ አድርጎኝ፣ ማበጠሪያ አብራኝ ያጠበችው ግን አታደርገውም እያልኩ። እሷን ይዤ ነበር እኮ የቆየሁት።»

ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቀለለችው፣ አንዱንም አልጎተተችኝም። ከዚያ ካስኩን ወደ ራሴ አወረደችና አበራችው። ጆሮዬ በጩኸቱ ተሞላ። ይቅርታ አልኳት። አልተሰማም፣ ለራሴም አልተሰማኝም፤ መስታወቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አፌን ብቻ ነው ያየሁት። ልጁስ አልኳት። እትዬ፣ ልጁስ መጣ? እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ትጠርግ ነበር።